ያላገለገለ ሰው በኪልት ላይ የመኮንን ሜስ ጃኬት ይልበስ ወይ?

የግላስጎው ነዋሪ፦ ባለፈው ቅዳሜ በተደረገው ሠርግ ሙሽራው በኪልቱ፣ ማለትም በስኮትላንድ ወንዶች ሽንሽን ጉርድ፣ ላይ ቀይ ሜስ ጃኬት ለብሶ የተነሣውን ፎቶ አይተው፣ «ልብሱ ባለቤት አለው፤ አንድ ቀን እንኳ ያላገለገለ ሰው የመኮንኖች ክበብ የእራት ኮት ለብሶ መታየቱ ነውር ነው» ብለው የጻፉት ሰው እጅግ አናደውኛል። ለመሆኑ የስኮትላንድ የክብር ልብስ ከወታደር ያልወሰደው ምን አለ? ዛሬ ሙሽራ ሁሉ ተከራይቶ የሚለብሰው ፕሪንስ ቻርሊ የተባለው ኮት፣ ከኋላው ያለው አጭር ጭራ፣ በትከሻው ላይ የተጎነጎነው ገመድና በብር መልክ የሚያብለጨልጩት ቁልፎቹ ሁሉ ከድሮ ወታደር ኮት የተቀዱ ናቸው። ለዚያ ባለቤት ያልፈለጉ ሰው ለዚህ ሲሆን ከየት አመጡለት?

አሥር አለቃ የነበርኩ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ አገር ጦር ውስጥ አገልግያለሁ፤ ቃሌንም አላጥፍም። ፕሪንስ ቻርሊ መነሻው የትም ይሁን የት ለሲቪል ተብሎ የሚሰፋ ነው። ቀዩ ሜስ ጃኬት ግን በኮሌታውና በእጅጌው ጫፍ ቀለም የሬጅመንቱን (የጦር ክፍሉን) ስም ይናገራል፤ ቢጫው የጎርደን ሃይላንደርስ፣ ጥቁር ሰማያዊው የብላክ ዋች መሆኑን የሚያውቅ ያውቃል። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ1894 የወጣው የደንብ ልብስ ሕግ የሠራዊቱን ልብስ ብቻ ሳይሆን እሱን የሚመስለውንም ያለ ፈቃድ መልበስን ይከለክላል። ለቴአትር ሲሆን ተፈቅዷል፤ ሙሽራው ተዋናይ ከሆነ ይንገሩንና ዝም እንበል።

ልብስ ሰፊው፦ ሕጉን ለሕግ ዐዋቂ ትቼ ስለ ስፌቱ ልናገር። ሜስ ጃኬት ወገብ ላይ የሚያልቅ፣ ጭራ የሌለው፣ ከፊት ሳይቆለፍ ክፍቱን የሚለበስ ኮት ነው። በዘመኑ ሱሪ ላይ ሲለብሱት በሰደርያውና በሱሪው መካከል ነጭ ሸሚዝ ብቅ ስለሚል ሰውየውን ያሳጣዋል። ኪልት ግን ከወገብ ከፍ ብሎ ስለሚታሰር ያ ክፍተት አይታይም፤ ከፊት ስፖራኑ (በኪልቱ ፊት የሚንጠለጠለው ቦርሳ) ሳይሸፈን ይቀራል፤ ከኋላ ደግሞ ሽንሽኑ ከነሙሉ ውበቱ ይታያል። ስለዚህ ከኪልት ጋር የሚስማማ ኮት አምጣ ብባል ከዚህ የተሻለ አላመጣም፤ ነውር የሚሉት ሰዎች ቢያንስ ይህን ሊያምኑ ይገባል።

አሥር አለቃ የነበርኩ፦ ያምራል አያምርም ብዬ መቼ ጻፍኩ? የጻፍኩት ባለቤት አለው ብዬ ነው።

ታሪክ አንባቢ፦ ይህን «ባለቤት አለው» የሚለውን አባባል ትንሽ እንመርምረው። የንጉሡ ጦር የስኮትላንድ ዓማፅያንን ድል ካደረገበት ከከሎደን ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1746 የወጣው ሕግ የስኮትላንድን የደጋ (ሃይላንድ) ሰው ልብስ፣ ኪልትን ጭምር፣ ሲከለክል በንጉሡ ጦር ውስጥ ለሚያገለግሉት ግን ፈቅዶ ነበር፤ እገዳው የተነሣውም በ1782 ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ያህል እረኛውና ገበሬው የአያቱን ልብስ ለብሶ ሲገኝ ሲታሰር፣ ያንኑ ልብስ በአደባባይ የሚለብሰው ወታደሩ ብቻ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ በባለቤትነት ከተነጋገርን መጀመሪያ ከማን ተወስዶ ለማን እንደተሰጠ እንጠያየቅ።

አሥር አለቃ የነበርኩ፦ ለእኔ ስለመሰከሩልኝ አመሰግናለሁ። ሌላው ሲከለከል ልብሱን ጠብቆ ያቆየው ወታደሩ ከሆነ፣ ከእርሱ በላይ ባለቤት ማን ሊሆን ነው?

ታሪክ አንባቢ፦ በአደራ ያስቀመጡትን ዕቃ ጠባቂው ወረሰው እንደ ማለት ነው!

የግላስጎው ነዋሪ፦ ያ ባለቤት የተባለውስ ዛሬ የት አለ? ጎርደን ሃይላንደርስ እ.ኤ.አ. በ1994 ከሌላ ሬጅመንት ጋር ተዋሕዶ ስሙ ቀርቷል፤ በ2006 ደግሞ የቀሩት የሃይላንድ ሬጅመንቶች በአንድ የስኮትላንድ ሬጅመንት ሥር ተጠቃለዋል። ቢጫ ኮሌታ ያለው አሮጌ ጃኬት ገበያ ላይ ሲሸጥ ገዝቶ የለበሰ ሰው የማንን መብት ነካ?

አሥር አለቃ የነበርኩ፦ ሬጅመንቱ ቢፈርስ በውስጡ ያገለገሉት አብረው አልፈረሱም። ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ በየሠርጉም ይጋበዛሉ። ያን ኮሌታ ከሩቅ ያየ አንድ ሽማግሌ ቀርቦ «በየትኛው ዘመን ነበርክ?» ብሎ ሲጠይቀው ሙሽራዎ ምን ሊመልስለት ነው?

ልብስ ሰፊው፦ ቀይ መሆኑ ካስከፋ ነጭ ማሰፋት ይቻላል እኮ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነጭ ሜስ ጃኬት የሲቪሎች ፋሽን ነበር፤ ማንም ባለቤት ነኝ ብሎ አልተነሣም።

የግላስጎው ነዋሪ፦ ከዚያ በኋላ የሆቴል አስተናጋጅ ልብስ ሆኖ መቅረቱን ለምን አይጨምሩበትም? ሙሽራው በገዛ ሠርጉ ወይን እንዲቀዳ ይታዘዝ?

ልብስ ሰፊው፦ የአስተናጋጅን ሥራ የሚንቅ ሰው ስለ ክብር ልብስ ባይሰብከን ጥሩ ነበር።

የሙሽራው ሚዜ፦ ሁላችሁም ሳትጠይቁ ብዙ ተናገራችሁ። ኮቱ የሙሽሪት አያት ነው፤ በመኮንንነት ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ በገዛ እጃቸው አውጥተው አለበሱት፤ በፎቶውም ላይ አጠገቡ የቆሙት እርሳቸው ናቸው። ባለቤት ለምትፈልጉ ባለቤቱ እነሆ።

ታሪክ አንባቢ፦ አሥር አለቃ፣ አሁንስ?

አሥር አለቃ የነበርኩ፦ አያትየው ጨርቁን ሊሰጡ ይችላሉ፤ ሹመቱን ግን ሊያወርሱ አይችሉም፤ ሹመቱ የንግሥቲቱ ነበር። ይልቅስ ሚዜው ይንገሩኝ፤ የትከሻውን የማዕረግ ምልክትና የሬጅመንቱን ቁልፎች አንሥተውለት ነበር ወይስ እንዳለ አለበሱት?

የሙሽራው ሚዜ፦ ቁልፉ እንዳለ ነው። ቅር ካልዎት ለአያትየው ይንገሯቸው፤ ሰማንያ ዓመት ቢያልፋቸውም ጆሯቸው በደንብ ይሰማል።