የጋራ ፕሮፖዛል፣ ክፍል ሁለት፦ አንብቦ እውነታ የሚለቅም ፕሮግራም

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ክፍል ሁለት እስካሁን ባዶ ስለሆነ መነሻ ላስቀምጥ፤ ቁረጡ፣ ጨምሩ። ፕሮግራሙ ጥቂት የታወቁ ምሳሌዎች ይሰጡታል፣ ያሉባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ይፈልጋል፣ የአነጋገሩን ቅርጽ ይይዛል፣ በያዘው ቅርጽ ደግሞ አዲስ ያወጣል። ግባችንን አንድ ሚሊዮን እውነታ ብንለውስ?

የቋንቋ ቡድን፦
ገምጋሚዎቹ የኛ ሙያ ሰዎች ስላልሆኑ ምሳሌ ይግባ። «እንደ መዳብና ዚንክ ያሉ ማዕድናት» የሚለውን ያነበበ ፕሮግራም መዳብ ማዕድን መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዋ ማርቲ ኸርስት እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳየችው ይህንኑ ነው። ከጉግል መሥራቾች አንዱ ሰርጌይ ብሪን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 በአምስት መጻሕፍት ርዕስና ደራሲ ብቻ ጀምሮ የሌሎች ከ15 ሺህ በላይ መጻሕፍትን ርዕስና ደራሲ ከኢንተርኔት ለቅሟል። ሚሊዮኑን ግን ተዉት፤ ቁጥር ለማብዛት ብለን ገለባ እንሰበስባለን።

የቴክኒክ ክፍል፦
በዚህ እስማማለሁ። አደጋው ፕሮግራሙ ያወጣውን መልሶ እንደ ምሳሌ በሚጠቀምበት ዙር ላይ ነው፤ አንድ ስህተት ከገባ የራሱን ዘመዶች ይጠራል። በአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው፣ ኔል የተባለ ተመሳሳይ ፕሮግራም የገጠመውን እንጻፍ። የኢንተርኔት ኩኪ (ድረ ገጾች ኮምፒውተራችን ላይ የሚያስቀምጡት ትንሽ መረጃ፤ «ኩኪ» በእንግሊዝኛ ብስኩትም ነው) ከብስኩትና ከኬክ ጋር ተመደበ። ቀጥሎ «ኩኪዎቼን አጠፋሁ» እና «ፋይሎቼን አጠፋሁ» የሚሉትን ሲያነብ ፋይልም የተጋገረ ነገር ነው አለ! መጀመሪያ ብቻውን ተለቆ ነበር፤ ከወራት በኋላ ግን ተመራማሪዎቹ በየሁለት ሳምንቱ ምድቦቹን እያዩ ማረም ጀመሩ።
ስለዚህ ሁለት መከላከያ ከወዲሁ ይጻፍ። ፋይል የሆነ ነገር ምግብ ሊሆን እንደማይችል በግልጽ ይነገረው። ከዓረፍተ ነገር የተገኘውም ከሠንጠረዥ በተገኘው ይመሳከር።

ሒሳብ ያዥ፦
ለአራሚዎቹ የሚከፈለው የታለ? «በአባላት በጎ ፈቃድ» የሚል መስመር ካየሁ አልፈርምም።

የቋንቋ ቡድን፦
ልክ ነዎት፣ የአራሚ ሰዓት በበጀቱ ይግባ። አንድ ነገር ልጨምር፦ አሥር ገጾች አንዱን ጽሑፍ ቃል በቃል ገልብጠውት ከሆነ አንድ ምስክር እንጂ አሥር አይደሉም። ፕሮግራሙ ይህን ካልለየ ወሬ በብዛቱ ብቻ እውነት ይሆናል። ደግሞ «የከተማው ከንቲባ እገሌ ነው» የሚለው ዛሬ ልክ፣ ነገ ስህተት ነው። እያንዳንዱ እውነታ የተገኘበት ዓረፍተ ነገርና ቀኑ አብሮት ይቀመጥ፤ ያለዚያ አራሚው ምኑን ይዞ ያርማል?

አስተባባሪ፦
እንግዲያው ግቡን እንዲህ ለውጬዋለሁ፦ «በጥቂት ምድቦች፣ ምንጩና ቀኑ የተያያዘ፣ ናሙናው በሰው የታረመ የእውነታ ስብስብ።» የቴክኒክ ክፍል የማይገናኙ ምድቦችን ዝርዝር ያምጣ፤ ሒሳብ ያዥ የአራሚ ሰዓቱን ያስሉ። የናሙናው መጠን ገና አልተወሰነም። ከየምድቡ እኩል እንውሰድ ወይስ ፕሮግራሙ በተጠራጠረበት ላይ እናብዛ?

የቴክኒክ ክፍል፦
ከሁለቱም ይሁን። ኩኪው ላይኮ ምንም አልተጠራጠረም ነበር።