ንጉሴ ወንበር ነው ያሞቀው?

የሬሆቮቱ፦ ትናንት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን አንድ ሰውዬ «ሚኒስትር ያልሆነ የክኔሴት፣ የእስራኤል ፓርላማ፣ አባል ወንበር ከማሞቅ ሌላ ምን ሥራ አለው? ዶክተር አብርሃም ንጉሴም አራት ዓመት ወንበር አሙቆ ወጣ» አለ። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ዋጥ አደረግኩት። እዚህ ግን አልውጠውም። 2016ን ረሳችሁት? ኖቬምበር 2015 ላይ የእስራኤል መንግሥት ጎንደርና አዲስ አበባ የቀሩትን ወደ 9 ሺህ ወገኖቻችንን ወደዚህ አመጣለሁ ብሎ ወሰነ። ጥቂት ወር ሳይቆይ በጀት የለም ተባለ። የጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ ጥምር መንግሥት ያኔ ክኔሴት ውስጥ የያዘው 61 ለ59 ነበር። ንጉሴና ዴቪድ አምሳለም፣ ሁለቱም የገዛ ፓርቲው የሊኩድ ሰዎች፣ ይሄ ካልተፈጸመ ከጥምሩ ጋር ድምፅ አንሰጥም አሉ። ከ61 ላይ 2 ሲነሳ ስንት ነው?

ሻይ በናና፦ 59። ሃሃ፣ እንደውም ሰውዬው ተሳስቷል። ድምፅ ሲሰጥ ካልተገኘ ወንበሩ ቀዝቅዟል ማለት ነው። ወንበር በማቀዝቀዝ የሠራ የመጀመሪያው ሰው።

አሽቀሎን ማዶ፦ ቀልዱን ተዉትና 9 ሺህ ተብሎ በኤፕሪሉ ስምምነት የተገኘው ለዓመቱ 1,300 ነው። ድል የምትሉት ይሄን ነው? ንጉሴ የክኔሴቱ የአሊያና ቅሊጣ (ወደ እስራኤል የሚገቡትን የማምጣትና የማቋቋም) ኮሚቴ ሊቀመንበርም እኮ ነበር። ኮሚቴ ምን ያደርጋል? ባለሥልጣን ይጠራል፣ ይጠይቃል፣ ይቆጣል። ባለሥልጣኑ «እየታየ ነው» ይላል፣ ውሃውን ይጠጣል፣ ይወጣል። ይሄ ማሞቅ ካልሆነ ምን ይባላል?

የሬሆቮቱ፦ ራስህ መለስከው! ኮሚቴው ገንዘብ እንደማያወጣ ስላወቀ አይደል ወደ ድምፁ የሄደው? ደግሞ ጊዜውን እይ። ሜይ ላይ ሊበርማን ፓርቲውን ይዞ ጥምሩ ውስጥ ገባ፣ የ61 ነገር አበቃ። ሁለት ወር ቢዘገይ ማን ይሰማው ነበር?

የቄሱ ልጅ፦ እሺ ሰው መጣ። ማን መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። አያቶቻቸው ክርስትና ስለገቡት ስለ ፈላሽ ሙራ ከእኛ ከቤተ እስራኤል ቄሶች ብዙዎቹ ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ፣ አፍ አታስከፍቱኝ። በ2015 ወጣቱ አደባባይ የወጣውስ ለአሊያ ነው እንዴ? ዩኒፎርም የለበሰ ወታደራችን ሆሎን ላይ በፖሊስ ተደብድቦ ነው። በዚያ ክኔሴት መጀመሪያ ላይ ከእኛ ከኢትዮጵያውያኑ የነበረው ንጉሴ ብቻ ነው። ያቺን አንድ ድምፅ ለዱላው ለምን አላዋላትም?

የጎንደሯ፦ «ፈላሽ ሙራ» የምትባለውን ቃል እዚህ አትጻፍ። ዘር ቤተ እስራኤል በል።

የቄሱ ልጅ፦ እኔ አልፈጠርኳትም፣ የመንግሥት ወረቀት ላይ ያለች ናት።

የጎንደሯ፦ የመንግሥት ወረቀት ላይ ስላለች አታምም? ኦክቶበር 2016 የመጀመሪያዎቹ ሲገቡ ከእናቴ ጋር ቤን ጉሪዮን ነበርኩ። የእህቷ ስም ዝርዝሩ ላይ የለም ብለናታል፣ እሷ ግን ዳቦ ጋግራ በነጠላ ጠቅልላ መጣች። 63 ሰው ነው የወረደው። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። እህቷ የለችም። ዳቦውን ለማታውቀው ልጅ ቆርሳ ሰጠች። እህቷ የገባችው በ2020 መጨረሻ ነው። ወንበር ማሞቅ ይሄ ከሆነ ሌሎቹም ያሙቁልን።

አሽቀሎን ማዶ፦ ለእናትሽ ክብር አለኝ። ግን ታሪክሽ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። አራት ዓመት! በ2018 አንድ ሺህ፣ በ2020 ሁለት ሺህ፣ በ2021 ሦስት ሺህ፣ እንደ እድር መዋጮ በቁንጥር። መንግሥት በ2016 የተማረው ትንሽ ሰጥቶ ዝም ማሰኘት እንደሚቻል ነው። 1,300 ሲባል ወደ ወንበሩ ተመለሰና ሞቀ።

የሬሆቮቱ፦ «ሞቀ» አልክ? በባዶ እጁ ነው የተመለሰው? በ1,300 ሰው ነው!

ሻይ በናና፦ የእኛዋ ፕኒና ታማኖ ሻታም እኮ በ2013 ተራ የክኔሴት አባል ነበረች። ክኔሴት ግቢ ውስጥ ደም ልትለግስ ሄዳ ደምሽ አይሆንም ተባለች፣ አገር ሰማ። ሚኒስትር ስትሆን ደግሞ ዲሴምበር 2020 ላይ ከ300 በላይ ሰው ጭኖ የመጣው አውሮፕላን ውስጥ አብራ ነበረች። እንግዲህ የቱ ይበልጣል፣ ወንበሩ ወይስ አውሮፕላኑ?

የጎንደሯ፦ አክስቴ አውሮፕላኑን ነው የምታስታውሰው። ትውከት በትውከት ነበርን ትላለች።

የሬሆቮቱ፦ አምሳለምን ግን ማንም አያመሰግንም። የሞሮኮ ዘር ነው፣ ጎንደር ላይ አክስት የለው።

የቄሱ ልጅ፦ ፖለቲከኛ በነፃ አይጾምም። ንጉሴም ቢሆን በ2019 ከክኔሴት ወጣ፣ በ2024 አምባሳደር ሆኖ አዲስ አበባ ገባ። እሱም ወንበር ነው።

የሬሆቮቱ፦ አሁን ደግሞ አምባሳደርነቱ ወንጀል ሆነ!

አሽቀሎን ማዶ፦ ይልቅ ያ ለቅሶ ቤት ያለው ሰውዬ ማነው? ልጨብጠው ፈልጌ ነው።

የሬሆቮቱ፦ አልናገርም። የለቅሶው ሰባት ቀን ገና አልወጣም፣ ነገም ጎኔ ነው የሚቀመጠው።

ሻይ በናና፦ እና ይሄን ሁሉ ለምን እዚያው አትነግረውም?

የሬሆቮቱ፦ ሽማግሌ ነው እኮ፣ እንዴት አድርጌ?