የፋይል ሰርቨር አፕግሬድ፦ ምን ተጨመረ፣ ምን ተወገደ? (ጥቆማ)

«የቢሮአችንን የፋይል ሰርቨር አፕግሬድ ላድርገው ወይስ ወደ ሌላ ልቀይረው?» ላልከው ወንድማችን።

ሰርቨሩ ሊኑክስ ከሆነ ሌላ ፍለጋ አትድከም። ኦፕን ኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሰርቨር በምስጠራ የሚያስገባው ፕሮግራም) ይበቃሃል። ነጻ ነው፣ ፋይል መስጥሮ የሚያስተላልፈው ኤስኤፍቲፒም አብሮት አለ። ፖርት 22ን (ፋይሉ የሚያልፍበትን የኔትወርክ በር) ከፈትክ፣ አለቀ። የድሮው የፋይል ማስተላለፊያ ኤፍቲፒ ግን ለዳታው ሌላ የፖርት መዓት ክፈቱልኝ ይላል። ኔትወርኩን ከሚጠብቁት የፋየርዎል ሰዎች ጋር የሚያጣላው እሱ ነው።

ዊንዶውስ ከሆነና የሚይዘው ሰው ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር ስክሪን የሚፈራ ከሆነ ፋይልዚላ ሰርቨር ይቀለዋል። ነጻው ቨርዥን ግን ኤስኤፍቲፒ የለውም፤ ኤፍቲፒን በቲኤልኤስ (በምስጠራ) ሸፍኖ ነው የሚሰራው። ሰራተኞቹ በብራውዘር እንከፍተዋለን ካሉም አይሆንም። ክሮምና ፋየርፎክስ በፈረንጆቹ 2021 ኤፍቲፒን ጥለውታል።

አሁን ወደ ኦፕን ኤስኤስኤች። ሰው የሚጎዳው የተጨመረው ሳይሆን የተወገደው ነው። እኔ አንድ ቢሮ ውስጥ ማታ አፕግሬድ አድርጌ ተኛሁ። ጠዋት የሒሳብ ፕሮግራሙ የሌሊት ባክአፕ የለም! ለካ ኦፕን ኤስኤስኤች ከ8.8 ቨርዥን ጀምሮ በሻ-1 (ባረጀው የፊርማ ስሌት) የሚፈረም የአርኤስኤ ቁልፍ ፊርማ ፍቀድ ካልተባለ አይቀበልም። ፕሮግራሙ በፓስወርድ ፈንታ የሚገባበት ቁልፍ ጤነኛ ነው፤ ያረጀው ፕሮግራሙ ነው። ለዚያ አንድ ዩዘር ብቻ በማች ብሎክ (ሴቲንጉ ውስጥ ለተመረጠ ዩዘር ብቻ የሚሰራ ክፍል) ፈቀድኩለትና ፕሮግራሙ እስኪታደስ ቆየን። ለሁሉም ዩዘር እንዳትከፍተው። ዲኤስኤ የሚባለው የድሮ ዓይነት ቁልፍ ካለህ ግን አትልፋ፣ 10.0 ላይ ጭራሽ ተወግዷል። ኢዲ25519 በሚባለው የቁልፍ ዓይነት አዲስ አውጣ።

ከ9.0 ወዲህ ደግሞ ኤስሲፒ የሚባለው የፋይል መቅጃ ትእዛዝ ውስጥ ለውስጥ በኤስኤፍቲፒ ነው የሚሄደው። ኤስኤፍቲፒ የማያውቅ አሮጌ ራውተር እምቢ ካለህ ከትእዛዙ ላይ ሰረዝና ትልቁን ኦ (-O) ጨምር፣ የድሮውን መንገድ ይይዛል። ለትልልቅ ፋይል ግን ራሱን ኤስኤፍቲፒን ተጠቀም። ኔትወርክ ሲቆረጥ ወይ መብራት እልም ሲል ካቆመበት ማስቀጠል ትችላለህ፤ ኤስሲፒ ከዜሮ ነው። እኛ አገር ይሄ ብቻውን ይበቃል።

ከተጨመሩት የምወደውም የምፈራውም 9.8 ላይ የመጣው ቅጣት ነው። ፓስወርድ የሚሞካክረውን አድራሻ ለጊዜው ያግዳል። ጥሩ ነው፤ ግን ቅርንጫፉ በሙሉ በአንድ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) የሚወጣ ከሆነ አንዱ ፓስወርድ ሲደጋግም ሌላውም አብሮ ይታገዳል። የቅርንጫፎቹን አይፒ ከቅጣቱ ነጻ የሚሆኑት ዝርዝር ውስጥ ቀድመህ አስገባ።

ብቻ ሰርቪሱን ሪስታርት ስታደርግ የገባህበትን መስኮት አትዝጋ። በሌላ መስኮት መግባትህን ካየህ በኋላ ዝጋው። አለዚያ ውጭ ትቀራለህ፤ ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ቁልፍ ደግሞ ሁሌም ፈቃድ ላይ ያለ ሰው ኪስ ውስጥ ነው።