የአማኒሬናስ ምርኮ ወደ ሱዳን ይመለስ ወይስ ለንደን ይቆይ?

ታሪክ ወዳድ፦
ከክርስቶስ ልደት በፊት በ25 ገደማ የኩሽ (የጥንቷ ሱዳን መንግሥት) ጦር በሮም ሥር የነበረችውን የግብፅ ከተማ አስዋንን ወርሮ የአውግስጦስ ቄሳርን ሐውልቶች ማረከ። ንግሥቲቱ አማኒሬናስ ናት። ሮማውያን የኩሽን ከተማ ናፓታን አፍርሰው ቢበቀሉም አልተንበረከከችም። መልእክተኞቿ እስከ ግሪክ ደሴት ሳሞስ ድረስ ሄደው ቄሳርን ግብሩን አስነሱት። ከምርኮው አንድ የነሐስ ራስ በኩሽ ከተማ መርዌ ላይ ከቤተ መቅደስ ደረጃ ሥር ተቀበረ። የሚገባ የሚወጣው ሁሉ ቄሳርን ይረግጠው ነበር! እ.ኤ.አ. በ1910 ጋርስታንግ የተባለ እንግሊዛዊ ቆፍሮ አወጣው፤ ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው ያለው። ይመለስ ባይ ነኝ። እናንተስ?

ጠበቃው፦
የሚመለሰው የተዘረፈ ነው ወንድሜ። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት ታቦቶቻችን ዝርፊያ ናቸው። ይሄ ግን በፈቃድ የተቆፈረ ነው።

ታሪክ ወዳድ፦
ፈቃጁ ማን ሆነና? ያኔ ሱዳንን የሚያስተዳድረው እንግሊዝ አይደለም? ሰጪውም ተቀባዩም እሱ!

ማርታ፦
ይቺ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለችው ሕንደኬ አይደለችም እንዴ? ታዲያ የኛ ናት።

ታሪክ ወዳድ፦
አይደለችም እህቴ። ሕንደኬ የመርዌ ንግሥቶች ማዕረግ ነው። የጃንደረባው ንግሥት ከአማኒሬናስ ብዙ ዓመት በኋላ የነበረች ናት። መርዌ ደግሞ ያለው ሱዳን ውስጥ ነው።

ከካርቱም የወጣሁ፦
ናይል ዳር ያለውን ብሔራዊ ሙዚየም አውቀዋለሁ። ግቢው ውስጥ ከአስዋን ግድብ ውሃ የተረፉ ቤተ መቅደሶች ቆመዋል። አርብ አርብ ልጆቼን ይዤ እሄድ ነበር። በ2023 በተነሳው ጦርነት ተዘረፈ፤ ሳስበው ያንገበግበኛል። ቅርሱ የሱዳን ነው፣ በዚህ አልከራከርም። አሁን ላኩት ማለት ግን ለሌባ አስረክቡት ማለት ነው።

ታሪክ ወዳድ፦
ልክ ነሽ፣ ዕቃው ሰላም እስኪሆን እዚያው ይቆይ። ባለቤትነቱ ግን ዛሬውኑ ለሱዳን ይዛወር። የመስታወትና የድንጋይ ዓይኖቹ እስካሁን ያልወለቁት እኮ መርዌዎች በአሸዋ ውስጥ ስለቀበሩት ነው። ስንቱ የቄሳር ነሐስ ቀልጦ ጠፍቷል! ለሁለት ሺህ ዓመት ያቆዩት እነሱ ናቸው፣ ለንደን መቶ ዓመት ቢያስቀምጠው ነው።

ጠበቃው፦
ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን የ1963ቱ የእንግሊዝ ሕግ ሙዚየሙ ንብረቱን አሳልፎ እንዳይሰጥ አስሮታል። ፓርላማው ካላሻሻለው ባለቤትነት ማዛወር አይቻልም። ግሪክ እዚያው ሙዚየም ያሉትን የፓርቴኖን (የአቴና ጥንታዊ ቤተ መቅደስ) ቅርጾቿን በይፋ ከጠየቀች አርባ ዓመት አልፏታል፣ እስካሁን እጇ አልገቡም። ሱዳን ቢያንስ ከአሁኑ በጽሑፍ ትጠይቅ።