ባሊ ቱላምበን፦ የሰመጠውን መርከብ «ሊበርቲ» አንዱ በስኖርክል አንዱ በአየር ታንክ ለማየት (ጥያቄና መልስ)

ሰላሜ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነሐሴ ላይ ከባለቤቴ ጋር ባሊ ልንሄድ ነው፤ ቱላምበን ዳርቻ ላይ የሰመጠውን መርከብ ማየት እንፈልጋለን። እኔ ዋና እችላለሁ እንጂ ጠለቃ አልተማርኩም፤ የምይዘው የውሃ ማስክና ስኖርክል (ከውሃ በላይ የሚወጣ መተንፈሻ ቱቦ) ብቻ ነው። እሱ የኦፕን ዎተር (የመጀመሪያ ደረጃ ጠላቂ) ወረቀት አለው፣ ከ18 ሜትር በታች ወርዶ ግን አያውቅም። ለእኔ ከላይ ሆኜ የሚታይ ነገር አለ? እሱስ በዚያች ወረቀት ይበቃዋል? ጀልባ መከራየትስ ያስፈልጋል?

ቀይ ባሕር፦ ጀልባ አያስፈልግም፣ እህቴ። መርከቡ ከዳርቻው ቢርቅ 40 ሜትር ነው። ርዝመቱ ወደ 125 ሜትር ሲሆን ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆኖ በጎኑ ተጋድሟል፤ የላይኛው ክፍል 5 ሜትር ገደማ፣ የታችኛው 30 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ለሁለታችሁም ይሆናል።

«ሊበርቲ» የሚለው ስሙ ያሳስታል እንጂ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በገፍ ከተሠሩት «ሊበርቲ» ከሚባሉት የጭነት መርከቦች ወገን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1918 የተሠራ ነው። ጃንዋሪ 11 ቀን 1942 ሎምቦክ አጠገብ የጃፓን ሰርጓጅ በቶርፒዶ መታው። እየተጎተተ ሳለ ውሃ ስለበዛበት ቱላምበን ዳርቻ ላይ አስቀመጡት። በ1963 የአጉንግ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ደግሞ መሬቱ ተናውጦ ወደ ባሕር አንሸራተተው። እንዲህ የቀረበውም፣ ብረቱ እንዲህ የተሰባበረውም ለዚህ ነው።

ዘንባባ፦ ስለ ስኖርክሉ ልመልስ። ከላይ ሆነሽ መርከቡን የምታገኚው በጠላቂዎቹ አረፋ ነው፤ አረፋው ከሚወጣበት በላይ ተንሳፈፊ። ጠዋት ውሃው ሲጠራ የላይኛው ብረትና የለበሰው ኮራል በደንብ ይታያል። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት በኋላ ከደቡብ ባሊ የሚመጡ መኪኖች ሰው ያራግፋሉ፤ ስለዚህ እዚያው መንደሩ ውስጥ አድራችሁ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ውሃ ግቡ። ፓሮትፊሽ የሚባሉት ግንባራቸው ያበጠ ትልልቅ ዓሦች በመንጋ የሚታዩትም በማለዳ ነው።

ማስክ ስትገዢ ማሰሪያውን ሳታጠልቂ ፊትሽ ላይ አድርገሽ በአፍንጫሽ አየር ሳቢ፤ ካልወደቀ ልክሽ ነው። ውሃ የሚያስገባው ብዙ ጊዜ ከሥሩ የገባ ፀጉር ነው። አዲስ ማስክ የሚያደበዝዘው ከፋብሪካ የመጣ ስስ ቅባት ስላለበት ነው፤ መስታወቱን ከውስጥ በጥርስ ሳሙና ደጋግመሽ እሺውና እጠቢው። ከዚያ በኋላ ምራቅ ወይም ጠብታ የሕፃን ሻምፑ ይበቃል።

ባሕር ዳር ልጅ፦ ፊትን በሙሉ የሚሸፍነው ማስክስ አይሻልም? አፍም አፍንጫም ነጻ ነው።

ዘንባባ፦ ለዚህ ቦታ አልመክረውም። ወደ 5 ሜትሩ ብረት ልውረድ ካለች አፍንጫዋን ይዛ ጆሮዋን መክፈት አለባት፤ በዚያ ማስክ አፍንጫ አይያዝም። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ የላይኛውን እጥፍ ነው፤ ጆሮ ግን ገና 2 ሜትር ላይ ማመም ይጀምራል። ሕመም ሳይመጣ፣ በየሜትሩ ማለት ይቻላል፣ አፍንጫን ይዞ ቀስ ብሎ መንፋት ነው። ካልከፈተ መመለስ እንጂ መታገል የለም። ጉንፋን ካለ ያን ቀን ከላይ ብቻ።

ትንፋሽ ይዘሽ ከወረድሽ ደግሞ ቀድመሽ በፍጥነት ደጋግመሽ አትተንፍሺ። እንዲህ ሲደረግ የሚቀንሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው፤ «ተንፍሺ» የሚለው ስሜት ይዘገያል፣ ኦክስጅኑ ግን በጊዜው ያልቃል፤ ሰው ሳይታወቀው የሚስተው ወደ ላይ ሲመለስ ነው። ስለዚህ አንዱ ሲወርድ ሌላው ከላይ ሆኖ ያያል፤ በሁለት መውረድ መካከልም ታች የቆያችሁትን ቢያንስ እጥፍ ዕረፉ።

ኮምፓስ፦ ለባለቤትሽ፦ ወረቀቱ 18 ሜትር ድረስ ነው፤ ይህ ከመርከቡ ከግማሽ በላዩን ያሳየዋል፤ 30 ሜትሩ አያምልጠኝ ብሎ አይጓጓ። ባሊ ውስጥ በብዛት የሚሰጠው ታንክ 11 ሊትር ነው፤ በ200 ባር (ባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው) 2200 ሊትር አየር ይይዛል። 50 ባር ለመጠባበቂያ ሲቀር 1650 ይሆናል። ከላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው 18 ሜትር ላይ ግፊቱ 2.8 እጥፍ ስለሆነ በደቂቃ 56 ሊትር ይጨርሳል፤ 29 ደቂቃ ያህል ማለት ነው። ጀማሪ 25 ሊትር ቢተነፍስ 23 ደቂቃ ይሆናል። 10 ሜትር ላይ ግን ያው ጀማሪ 33 ደቂቃ ያገኛል። ስለዚህ በመጀመሪያ ወደ ጥልቁ ጫፍ፣ 100 ባር ሲደርስ በመርከቡ ላይኛ በኩል ቀስ እያለ መመለስ። ከመውጣት በፊት ለደኅንነት የሚደረገውን የ3 ደቂቃ የ5 ሜትር ቆይታ እዚያው ከላይኛው ብረት አጠገብ ማድረግ ይችላል፤ አሰልቺ አይሆንም።

ወደ ውስጥ መግባት ሌላ ትምህርት ነው። ብርሃን ከሁለት ወገን የሚታይበትን ሰፊ ክፍተት ከአስጎብኚ ጋር ማለፍ አንድ ነገር ነው፤ ጨለማ ክፍል መግባት ሌላ። እግር ወደ ታች ሲመታ ደለሉ ይነሣና የገቡበት በር ይጠፋል።

ቀይ ባሕር፦ ሰው የሚጎዳው ግን መርከቡ ላይ ሳይሆን ዳርቻው ላይ ነው። አሸዋ የለም፤ ድቡልቡል ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ከእግር ሥር ይንከባለላል። ተረከዝ የሚሸፍን ወፍራም ሶል ያለው ቡት ያስፈልጋል፤ አንቺም ጭምር። ታንኩን የመንደሩ ሴቶች ተሸክመው ስለሚያደርሱላችሁ ባለቤትሽ ባዶ እጁን ይሄዳል። ሲገባ ቢሲዲው (አየር የሚነፋው የጠላቂ ጃኬት) ተነፍቶ፣ ማስኩ ፊቱ ላይ፣ ሬጉሌተሩ (ከታንኩ የሚተነፍስበት) አፉ ውስጥ፣ ፊኑ (የእግር መቅዘፊያው) እጁ ላይ ይሁን። ሞገዱ ጋብ ሲል በፍጥነት ደረት ድረስ ገብቶ እዚያ ፊኑን ያድርግ። ሲወጣም ሬጉሌተሩን መሬት ሳይረግጥ ከአፉ አያውጣ። ከወደቀ ተነሥቶ ከመንገዳገድ በአራት እግር መዳህ ይሻላል፤ የሚያፍርበት የለም።

ነሐሴ ላይ ውሃው ከወትሮው ቀዝቀዝ ስለሚል 3 ሚሊ ሜትር ዌትሱት (ሙቀት የሚጠብቅ የጠለቃ ልብስ) ለሁለታችሁም ተከራዩ፤ ከዝገትና ከሚያቃጥል ኮራልም ያድናል። ምንም ነገር በእጅ አትንኩ፤ ድንጋይ የሚመስለው ስኮርፒዮንፊሽ የሚባለው መርዘኛ እሾህ ያለው ዓሣ ሊሆን ይችላል። ከወጋ ቁስሉን በሚቻል ሙቅ ውሃ፣ 45 ዲግሪ ገደማ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከርና ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ውሃውን ያልተወጋ ሰው ይለካው፤ የተወጋው ሙቀቱ በቅጡ አይታወቀውም።

ሰላሜ፦ እግዜር ይስጥልኝ! አንድ የቀረኝ፦ ባለቤቴ ቱላምበን ሁለት ቀን ጠልቆ፣ በማግስቱ ሌሊት ባቱር ተራራ ልንወጣ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ልንመለስ ነበር።

ኮምፓስ፦ ተራራውን አስቀድሙ። ባቱር 1717 ሜትር ነው፤ ከታንኩ አየር ሰውነቱ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ አረፋ ሆኖ ሊጎዳው ስለሚችል አውሮፕላን ከመሳፈር ብዙም አይለይም። ለበረራ የሚመከረው ከአንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለብዙ ቀን ከተጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ነው፤ 24 ብታደርጉት ይበልጥ ያስተማምናል። ከቱላምበን ስትመለሱም ሾፌሩ በኪንታማኒ በኩል ልቁረጥ ካለ እምቢ በሉ፤ መንገዱ 1500 ሜትር ገደማ ይወጣል። በባሕሩ ዳር ያለው መንገድ ይሻላችኋል። ለአንቺ ትንፋሽ ይዘሽ ጥቂት ጊዜ መውረድሽ ይህን የናይትሮጅን ጉዳት አያመጣም፤ የሚቆጠረው የእሱ ሰዓት ነው።