ጥምቀትን ማን ነው የሚያስተዳድረው? መመረቂያ ጽሑፌ ላይ ተቸግሬያለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። የቅርስና ባህል አስተዳደር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። መመረቂያ ጽሑፌን በጎንደር የጥምቀት አከባበር ላይ እሠራለሁ ብዬ ተነሳሁ፤ ይኸው ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

አማካሪዬ ረቂቄን መለሰልኝ። ዳሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ጥያቄ ብቻ፦ «አስተዳዳሪው ማን ነው?» እውነት ለመናገር መልስ የለኝም። ፋሲል ግቢ ቢሆን ቀላል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ ወሰን አለው፣ ትኬት ይቆረጥበታል። ጥምቀት ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የተመዘገበው በማይዳሰስ ቅርስነት (እንደ ሥርዓትና ልማድ ያለ፣ በእጅ የማይጨበጥ ቅርስ) ነው። በዓሉ የሚከበርበትን የፋሲለደስ ገንዳ የሚሞላ አለ፣ የእንጨት መቀመጫውን የሚያቆም አለ፣ ጸጥታ የሚያስከብር አለ፣ በታቦቱ ፊት ምንጣፍ እየሮጡ የሚያነጥፉ ወጣቶች አሉ። አንድ አዛውንት ቄስ «አባ፣ በዓሉን ማን ነው የሚያስተዳድረው?» ብላቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ሳቁብኝ። «ታቦቱ ነዋ ልጄ!» አሁን ይህን መልስ የባለድርሻ አካላት ሰንጠረዥ ውስጥ እንዴት ላስገባው?

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 209/1992ንም አገላበጥኩ። የማይዳሰስ ቅርስን ይጠቅሳል፤ ሐሳቡ ግን በብዛት ሕንፃና ዕቃ ላይ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ማይዳሰስ ቅርስ ያወጣው ስምምነት ደግሞ ማኅበረሰቡን ያስቀድማል።

በመስቀል፣ በፍቼ ጫምባላላ ወይም በገዳ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ፣ የባለድርሻ አካላቱን ምዕራፍ እንዴት አዋቀራችሁት? በተቋም ከፋፈላችሁ ወይስ በሥራ ድርሻ? ቤተ ክርስቲያንንና ማዘጋጃ ቤትን አንድ ረድፍ ላይ ማስቀመጥስ ያስኬዳል? ረቂቁን የማስገባው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። እባካችሁ!