ለጉባኤው የሚቀርበው የጎማና የቸርኬ ግዢ ሃሳብ፣ ከሰኞ በፊት እንጨርሰው

ጸሐፊው፦ ሰላም ለሁላችሁም። ጎማና ቸርኬ በጋራ እንግዛ የተባለውን ለአስጎብኚ መኪና ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ በጽሁፍ ማቅረብ አለብን፣ እስካሁን ግን ሁሉም የየራሱን ነው ሚያወራው። ያለን መኪና ቶዮታ ላንድክሩዘር ነው፣ በሞዴል ቁጥሩ 78 እና 79፣ ሁለት 105፣ 80ዎቹ፣ ፕራዶዎቹ። መስመራችን ዳናኪል፣ ኦሞ፣ ባሌ፣ ስሜን። መጀመሪያ ሳይዝ፣ ብራንድ በኋላ።

ባለ ፕራዶው፦ እኔ 18 ኢንች አሎይ ቸርኬ (ብረት ያልሆነው፣ ቀላሉ) ነው ምለው። እንግዳ ኤርፖርት ላይ መጀመሪያ ሚያየው መኪናውን ነው፣ ያማረ መኪና ያለው ነው ተመልሶ ሚጠራው፣ ይሄን ደሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ

ባለ 80ው፦ ማማሩን ለቦሌ ተወው ወንድሜ። ሰመራ ላይ 18 ጎማ ቢቀደድብህ ከየት ታመጣለህ? 16 ከሆነ የትም ከተማ ያለ ጎሚስታ ያገለገለም ቢሆን ፈልጎ ያመጣልሃል። ሌላው ቸርኬው በተለቀ ቁጥር የጎማው ጎን ያጥራል፣ ኤርታሌ አካባቢ አሸዋ ላይ ንፋስ ቀንሰህ ወደ 18 ፒኤስአይ (የንፋስ መለኪያው) ስታወርደው ሚተኛው እሱ ጎኑ ነው፣ አጭር ከሆነ ምኑ ይተኛል፣ ቸርኬው ድንጋይ ይመታል።

ባለ ፕራዶው፦ እሺ 18ቱን ተውኩት። ግን የኔ ፕራዶ 150 ሞዴሉ ነው፣ ከፋብሪካ በ17 ነው ሚመጣው፣ 16 ቸርኬ ፍሬኑ ላይ ይነካብኛል። ሁሉም 16 ካላችሁ እኔ ከግዢው ወጣሁ ማለት ነው?

ባለ 105ቱ፦ አልወጣህም፣ ቆይ ሂሳብ እንስራ። የሳይዙ ቁጥር አንድ መሆኑ አይደለም ዋናው፣ የጎማው ቁመት ነው። 265/75R16 (265 ስፋቱ በሚሊ፣ 75 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ፣ 16 ቸርኬው በኢንች) ቁመቱ 804 ሚሊ ነው። 235/85R16 806። ያንተ 17 ላይ 265/70R17 ቢገባ 803። ሦስቱም በ3 ሚሊ ውስጥ ናቸው! አሁን ያለህ 265/65R17 ከሆነ 776 አካባቢ ነው፣ ስትቀይር መኪናው 13 ሚሊ ያህል ከፍ ይላል፣ ጌጁ 100 ሲል ትክክለኛው 103 ገደማ ነው፣ መሪ እስከ መጨረሻ ስታዞር ፓራፋንጎው ውስጥ ትንሽ ሊነካ ይችላል እሱ ይስተካከላል። ስለዚህ ሃሳቡ ላይ «አንድ ሳይዝ» ሚለው ይውጣና «አንድ ቁመት» ይባል።

ባለ 80ው፦ ይሄ ጥሩ ነው። ፉል ታይም (ሁሌም በአራቱም እግር ሚነዱ) ለሆኑት ደሞ አንድ እግር ላይ ቁመቱ የተለየ ጎማ ገብቶ ረጅም መንገድ ከተነዳ መሃል ያለውን ዲፈረንሻል ይበላዋል፣ ቁመት አንድ ከሆነ መንገድ ላይ ብንዋዋስም ብዙ አያሰጋም

ጋሼ ባለ 78፦ ልጆቼ፣ መዋዋስ ከማለታችሁ በፊት ቡሎን ቁጠሩ። 78፣ 79 እና 105 ባለ 5 ቡሎን ነው፣ ቡሎኖቹ የቆሙበት ክብ 150 ሚሊ። 80፣ ፕራዶና የድሮው 75 ባለ 6፣ 139.7። የኔን ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) ለፕራዶ ብሰጠው ምን ሊያደርግበት ነው፣ ወንበር? ስምሪት ሲወጣ በየኮንቮዩ ከአንዱ ዓይነት ቢያንስ ሁለት መኪና ይኑር፣ ይሄም ይጻፍልኝ። የኔ ቸርኬ የፋብሪካው ባለ ቀለበት ነው (ጎማውን ሚይዘው ቀለበት ሚፈታ)፣ 7.50R16 ከነከመነዳሪው ከነፍላፑ፣ በረሃ መሃል በሌቫና በመዶሻ ፈትቼ ለጥፌ እሄዳለሁ። እናንተ አሎያችሁ ሲሰነጠቅ በምን ትለጥፉታላችሁ?

ባለ 105ቱ፦ ጋሼ ስለ ብረት ቸርኬ የሚሉት ልክ ነው፣ ብረት ቢጣመም ይቀጠቀጣል። ቀለበቱ ግን እርስዎም ያውቁታል፣ በደንብ ሳይገባ ንፋስ ሲሞላ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። እኔ ምለው ብረት ሆኖ ቱብለስ (ያለ ከመነዳሪ ሚሰራ) የሆነ ባለ 5 ቡሎን ቸርኬ ለ78ና ለ79 ይገዛ፣ ስፋቱ 6 ወይም 7 ኢንች ሆኖ 235/85 ይግባበት። የፋብሪካው 5.5 ኢንች ቸርኬ ላይ 235 አይመከርም። ሚስማር ከሆነ ጎማው ሳይፈታ በክር ተወግቶ ይደፈናል፣ እንግዳ እንኳን ሳይወርድ

ጋሼ ባለ 78፦ ጎኑን ድንጋይ ሲቀደውስ? የኤርታሌ ድንጋይ እኮ እንደ ጠርሙስ ነው ሚቆርጠው፣ ክር ጎን ላይ አይሰራም።

ባለ 105ቱ፦ ለዛ ነው ኤልቲ (ለጭነት መኪና የተሰራ) የተጻፈበት፣ ሎድ ኢ (ጠንካራው የጭነት ደረጃ) የሆነ ብቻ የምንለው። 235/85 ሎድ ኢው የጭነት ቁጥሩ 120 ነው፣ አንዱ ጎማ 1400 ኪሎ ይሸከማል። 112 የተጻፈበት 1120 ነው። ጣሪያው ላይ ነዳጅ፣ ውሃ፣ ድንኳን ጭነን ኋላ ላይ ምግብ አብሳዩና አራት ሰው ሲቀመጥ ልዩነቱ ይታያል። ለጎን መቀደድ ደሞ ስኮርታ ሁለት ሁለት ይሁን ነው መልሱ፣ ሌላ መድኃኒት የለውም።

የኦሞ መስመር፦ ስለ ጥርሱ ማንም አላወራም?? እኔ ኤምቲ (ጥርሱ ትልቅ የጭቃ ጎማ) እፈልጋለሁ፣ ዝናብ ወቅት ቱርሚ አካባቢ ዋልካ ሲይዝህ ኤቲው (ለአስፋልትም ለፒስታም ሚሆነው) ጥርሱ ጭቃ ሞልቶ ሙልጭ ይላል

ባለ 80ው፦ ኤምቲ አስፋልት ላይ ይጮሃል፣ ዝናብ ላይ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፣ ቶሎም ያልቃል። አብዛኛው ኪሎሜትራችን አስፋልት ነው እኮ፣ ኮምቦልቻን አልፈህ ሰመራ እስክትገባ። ኤቲ ለሁሉም፣ ዝናብ ወቅት ኦሞ ለሚገቡት ሰንሰለት ከማኅበሩ ይገዛ።

የኦሞ መስመር፦ ሰንሰለት ካለ ተስማምቻለሁ

ሒሳብ ያዧ፦ እኔ ምጠይቀው ስለ ፕሮፎርማው ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ይሁን ከተባለ ከሐምሌ 2016 ወዲህ አስመጪ ዋጋውን ብዙ ቀን አይዝልንም፣ ስለዚህ ጉባኤው መጠኑን ሳይሆን ስፔኩንና ሥልጣኑን ያጽድቅልን። ከሶማሌ ተራ (የመኪና ዕቃ ገበያው) ም ከአስመጪም ሦስት ፕሮፎርማ አመጣለሁ። ደሞ የተመረተበት ቀን ይታይ፣ ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች፣ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ላይ ነው የተሰራው፣ መጋዘን የከረመ ጎማ በአዲስ ዋጋ አልከፍልም።

ባለ ፕራዶው፦ እህቴ ተባረኪ። አንድ ነገር ጨምሩ፣ ዳዶ (ቡሎኑ ላይ ሚጠብቀው)! የአሎዩ ዳዶ ጠፍጣፋ ነው ከነሮንደላው፣ የብረቱ ሾጣጣ። ስኮርታው ብረት ከሆነ ሾጣጣ ዳዶ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ፣ በአሎይ ዳዶ ብረት ቸርኬ ማሰር እየላላ ይሄድና ቡሎን ይቆርጣል። ወደ ውጭ ብዙ ሚወጣ ቸርኬም አይገዛ፣ ኩሽኔታ ይበላል።

ጸሐፊው፦ እሺ ረቂቁን እንዲህ ጻፍኩት፣ የከፋው ይናገር፦ «የሁሉም ጎማ ቁመት 804 ሚሊ አካባቢ ሆኖ፣ ለ80ና ለ105 265/75R16፣ ለ78ና ለ79 235/85R16፣ ለፕራዶ 150 265/70R17፣ ሁሉም ኤቲ፣ ኤልቲ፣ ሎድ ኢ፣ ከተመረተ ዓመት ያላለፈው። ቸርኬ ለሚፈልግ ብረት ቱብለስ፣ ከፋብሪካው ይልቅ ወደ ውጭ ብዙ የማይወጣ። በረሃ ለሚገባ መኪና ሁለት ስኮርታ ከነዳዶው፣ ለኮንቮዩ አንድ ኮምፕሬሰር።» የጋሼ የስምሪት ነጥብና ሰንሰለቱም ገብቷል።

ጋሼ ባለ 78፦ ንፋስ ሚለካበት ቦታም ጨምር። አዲስ አበባ የሞላኸው ዳሎል ስትወርድ በከፍታው ምክንያት ጌጁ ላይ 3፣ 4 ፒኤስአይ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ደሞ መልሶ ይጨምረዋል፣ ልጆቹ አይተው እየደነገጡ ያጎድላሉ ይሞላሉ። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ብቻ ይለካ በል። እና የኔን ቀለበት ቸርኬ ሚገዛኝ ካለ ይደውል።

ሒሳብ ያዧ፦ ጋሼ እሱን በግል ያውሩት 😄 ፕሮፎርማው ሐሙስ ይደርሳችኋል